የኦቦ ሮበሌ አርባ ዓመት

ዛሬ ሰኔ 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው። ስሜ አምሐ እንግዳ ደምሴ ይባላል፤ የአካባቢው የገበሬ ማኅበር አባል ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በመካኒሳ አቦ አካባቢ ስለሚኖሩት ስለ ኦቦ ሮበሌ ቀጄላ ነው። እሳቸው የነገሩኝን ልጃቸው ከነገረኝ ጋር፣ ልጃቸው የነገረኝንም ጎረቤት ከመሰከረው ጋር አስተያይቻለሁ፤ ያልተስማሙበትን ትቼዋለሁ።

ኦቦ ሮበሌ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ድንኳኑ በደንብ መወጠሩን ለማየት፣ የአጥሩን እንጨት ለመነቅነቅ፣ በረት ያለውን ጥጃ ለመገምገም ሰበብ እየፈጠሩ ይነሣሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው፣ «ይህ ሰውዬ በሞተ ቀን ቃሬዛው ላይ አርፎ አይሄድልንም፤ ወርዶ እኔ ልሸከም ይላል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

መሬታቸው ከወንዙ ዳር ያለ ጥቁር አፈር ነው፤ በዝናብ እግር ይዞ አልለቅም የሚል፣ በበጋ እንደ ተሰበረ ገንቦ የሚሰነጣጠቅ። ያንን መሬት ከሁለቱ በሬዎቻቸው፣ ከቦራና ከዳለቻ ጋር፣ ጫማ ሳያደርጉ ያርሱት ነበር፤ አፈሩ ለማረሻ መድረሱን የሚያውቁት በውስጥ እግራቸው ነውና። የቀኝ እግራቸውን ትንሿን ጣት እዚያው ጥለዋታል። በጎልማሳነታቸው ጉቶ ሲፈልጡ መጥረቢያው ስቶ ቆረጣት። ስለዚህ ነገር የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ «መሬቱ ግብሩን ተቀብሏል፤ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀኝም» ይሉ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በሕዝብ ቆጠራው ነው። ቆጣሪው ወጣት መምህር ነበር። ኦቦ ሮበሌን ያገኛቸው ከእርሻ ሲመለሱ፣ ሞፈር በትከሻቸው እንደ ተሸከሙ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ልጃቸው ለታም በዚያን ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ እዚያው ነበር።

«ዕድሜዎ ስንት ነው አባባ?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ። በሮበሌ ገዳ ነው የተወለድኩት፤ ስሜም ከዚያው ነው።»

የአገሩ ነባር ገበሬዎች ዘመን የሚቆጥሩት በገዳ ነው። አምስት ስሞች ስምንት ስምንት ዓመት እየተቀባበሉ ይዞራሉ፤ ያለፈው ስም በአርባ ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ሮበሌ ከአምስቱ አንዱ ነው። መምህሩ ይህን ያውቅ ስለ ነበር፣ የትኛው ሮበሌ እንደሆነ ለመለየት ሌላ ጥያቄ ጨመረ።

«አዲስ አበባ ስትቆረቆር ያስታውሳሉ?»

ኦቦ ሮበሌ ሣቁ። «ከተማ የሚባል ነገር ሳይታሰብ እኛ እዚች ወንዝ ላይ ከብት እናጠጣ አልነበረም እንዴ! ከዚህ እስከ ፉሪ ድረስ ጫካ ነበር። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ነበር የሚያባርረን።»

መምህሩ በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ከከተማዋ በኋላ የመጣው ሮበሌ ሊሆን አይችልም ብሎ ከዚያ በፊት ወደ ነበረው ሮበሌ አለፈ። ከዚያም እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣና ቆመ።

«አባባ፣ መቶ አሥር ዓመትዎ ነው» አለ፤ ጎንበስ ብሎም ጉልበታቸውን ሳመ።

ለታ በአባቱ ትከሻ ላይ ያለውን ሞፈር አየ። ዕንባው መጣ። ሞፈሩን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ኦቦ ሮበሌ ያን ሞፈር ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ያህል አልነኩትም።

ለታ ደግ ልጅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ ዕረፍት ይነሣዋል። ብዙም ሳይቆይ ዳለቻን ሸጠ። ቦራን በአረጋሽ በረት አስጠጋው፤ አረጋሽ ማለት በኦቦ ሮበሌ መሬት አዋሳኝ አንድ በሬ ይዛ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት። አባቱን ደግሞ ከወንዙ ዳር ጎጆአቸው አንሥቶ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወዳለው ቤቱ አመጣቸው። መሬቱን የገበሬ ማኅበሩ ለጊዜው ከወል እርሻው ጋር ደርቦ ያዘው።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ቀበሌው ክንድ ያለው፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ሰጣቸው። በሕዝቡ ፊት እዚያ ላይ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከበዓሉ በኋላ ወንበሩ ቤት ድረስ ተሸኘላቸው። ሴቶች ልጆቻቸውን እያመጡ ያስመርቃሉ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሰዒድ እንኳ ጠዋት ተሻግሮ የእሳቸውን ጉልበት ሳይስም ሚዛኑን አይነካም ነበር።

በዚያ ወንበር ላይ የሆነው ቀስ በቀስ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። መጀመሪያ ከዘራ ያዙ፤ የያዙትም ለወጉ ነው። ከዚያ ከዘራው የግድ ሆነ። ከዚያ የለታ ሚስት ገዲሴ ወደ ጓሮ ሲወጡ ክርናቸውን ትይዝ ጀመር። ምግቡ እጃቸው ድረስ ይመጣል፤ ውሃው ይመጣል፤ ጫማው ይመጣል፤ ሰውም ይመጣል። ሰውነታቸው የተጻፈለት ቁጥር ላይ ለመድረስ የሚሮጥ ይመስል ነበር።

ልባቸው ግን አልተቀመጠም። ቀኑን ሙሉ ተረከዛቸው ወለሉን ይመታል። እጃቸው የወንበሩን ክንድ የማረሻ ዕርፍ እንደሚይዝ ሰው አፍኖ ይጨብጥና ወደ ታች ይጫናል፤ ይለቃል፤ ደግሞ ይጨብጣል። ወደ ወንዙ በኩል ደመና ሲቋጠር አንገታቸው በመስኮቱ ይመዘዛል። ውጭ የቆመ የውይይት ታክሲ ረዳት ሲጣራ እንኳ የተጠሩ ይመስል ብድግ ሊሉ ይቃጣቸዋል።

«አባባ፣ ወለሉን ሊበሱት ነው እኮ» ትላቸዋለች ገዲሴ።

«መሬት መኖሩን ልወቅ ብዬ ነው» ይላሉ፤ ደግሞም ይመቱታል።

በ1978 በገና ሰሞን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዲንሳ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ብርዱ ሲጠይቅ ብዙ ቆየና ነገሩን አወጣው። በራሱ ጉልበት የማያርስ አባል ሁሉ መሬቱ ለዘለቄታው ወደ ወል እርሻው እንዲገባ ጉባኤው ወስኗል፤ ቀነ ገደቡም ሰኔ ሚካኤል ነው።

«ለእርስዎ የሚጎድል ነገር የለም፤ ድርሻዎን በእህል እዚሁ ድረስ እናመጣለን» አለ ዲንሳ። «በዚህ ዕድሜ ማረስ ለእኛም ነውር ነው፣ ኦቦ ሮበሌ።»

«ያረስኩ እንደሆነስ?»

ዲንሳ ለታን አየ፤ ለታ ወለሉን አየ።

«እርስዎ ካረሱማ የእርስዎ ነው» አለ ዲንሳ፣ ለሕፃን ቃል እንደሚገባ ሰው ለስለስ ብሎ።

ከውሳኔው ይልቅ ያ ልስላሴ አንገበገባቸው። ዲንሳን አፍንጫው ሲፈስ ጀምሮ ያውቁታል። ባለቤታቸውን ያገቡት በዚያ መሬት ላይ ነው፤ ለታ የተወለደው እዚያ ነው፤ እዚያ ከሌሉ የትም እንዳሉ አይታያቸውም። እንግዳቸውን ለመሸኘት ሊነሡ አሉ። እግራቸው እምቢ አለ። ዲንሳ «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወጣ።

በጥር ወር፣ ስለ ሽምግልና ጥናት የሚያደርጉ የሕክምና ሰዎች ዕድሜአቸው ከመቶ ያለፈ ሽማግሌዎችን ይፈልጋሉ ተባለ። ቀበሌው በኩራት ኦቦ ሮበሌን ጠቆመ። የመጣችው ዶክተር ኤሌኒ የምትባል፣ ስትናገር የማትቸኩል ሐኪም ናት። ለታ ለዚያ ቀን ከሥራ አስፈቅዶ፣ ክራቫት አስሮ ጠበቃት። እሷም ከቦርሳዋ የእጅን ኃይል የሚለካ የብረት እጀታ አወጣች።

«ይጨብጡልኝ አባባ፤ የቻሉትን ያህል።»

ጨበጡ። መርፌው ዘለለ። ሐኪሟ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት አገላብጣ አየችውና በግራ እጃቸው አስጨበጠቻቸው። ያም እንደዚያው ሆነ።

«አሁን ደግሞ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበሩ ይነሡልኝ።»

እጃቸውን አጣመሩ። ወደ ፊት ተንፏቀቁ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። አልተነሡም። ገዲሴ ልትደግፋቸው ስትል ሐኪሟ በእጅዋ ከለከለቻት። ደጋግመው ሞከሩና ሲያቅታቸው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ሰው ማየት አልቻሉም።

እጁና እግሩ የአንድ ሰው አልመስል ስላላት፣ ሐኪሟ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ዕድሜአቸውን ከሥሩ ትጠይቅ ጀመር።

«የኅዳር በሽታ ሲገባ የት ነበሩ አባባ?»

«እዚሁ። አባቴ እኔንና እናቴን ወንዙን አሻግሮ ደበቀን። እናቴ አዝላኝ ስትሻገር የአባቴን ከዘራ ውሃ ወሰደው። እኔ ስስቅ እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ዛሬም ሳስበው ቦታው ያመኛል።»

«እናትዎ አዝለዎት?»

«አዝላኝ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ የኅዳር በሽታ በ1911 ነው የገባው። ቀበሌው በሰጠኝ ዕድሜ ከሄድን እርስዎ ያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመትዎ ነበር።»

ገዲሴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሣቅ ነው።

«የአርባ አምስት ዓመት ሰው አዝላ ወንዝ የምትሻገር እናት ከነበረችዎት፣ እኔ ማጥናት የነበረብኝ እሷን ነው» አለች ሐኪሟ። «ታዲያ ከተማው ሳይቆረቆር ከብት እናጠጣ ነበር ያሉት እንዴት ነው?»

«እናጠጣ ነበርና!»

«እኛ ሲሉ እርስዎም አሉበት?»

ጥያቄው ግራ አጋባቸው። በእሳቸው አነጋገር አባት ያረሱት «አረስን»፣ አያት የተሻገሩት «ተሻገርን» ነው የሚባለው። «እነሱ አረሱ» ብሎ ማውራት ራስን ከዘር እንደ መቁረጥ ነው።

«እኛ ማለት እኛ ነን» አሉ በመጨረሻ። «እኔማ ያን ጊዜ መቼ ተወለድኩና!»

ለታ ክራቫቱን አላላ።

«ሮበሌ በአርባ ዓመቱ ይመለሳል ይባላል» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «እርስዎ የኋለኛው ሮበሌ ነዎት። ሰባ ሁለት ዓመት ቢሆንዎ ነው። በዚህ አይዘኑ፤ በሌላውም ዓለም እንዲሁ ሆኗል። ሰው መቶ ሠላሳ ዓመት ይኖርባቸዋል የተባሉ ተራራማ አገሮች ነበሩ። አጥኚዎች ተመልሰው ሲመረምሩ አንዱ የአባቱን ስም ይዞ፣ ሌላው በየዓመቱ ዕድሜውን ከፍ እያደረገ ሲያወራ ተገኝቷል።»

«ዶክተር» አለ ለታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ነገር ከዚህ ቤት ባይወጣስ?»

ኦቦ ሮበሌ ግን ከብት እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያቸውን ይቃኙ ነበር። መጀመሪያ የተሰማቸው ንዴት ነው፤ አርባ ዓመት ከእጃቸው ተወስዷል። ቀጥሎ አባታቸው በሰባ ሁለት ዓመታቸው ምን ያደርጉ እንደ ነበር አስታወሱ። ያርሱ ነበር። የጎረቤት ድንበር እየገፉም ይከሰሱ ነበር።

«ታዲያ እግሬ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁ።

«እግርዎን የወሰደው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ይህ ወንበር ነው። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይመነምናል፤ ወጣትም ቢሆን አልጋ ላይ ከርሞ ሲነሣ ይንገዳገዳል። እጅዎ ያልደከመው የወንበሩን ክንድ ሲጨብጡ ስለሚውሉ ይመስለኛል።»

«ይመለሳል?»

«የሽማግሌ ጉልበት አንዴ ከሄደ አይመለስም ይባል ነበር። በቅርብ ዓመታት በውጭ አገር የተሞከረው ግን ሌላ ያሳያል፤ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ሸክም ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ሲሠሩ ጉልበት ሲያወጡ ታይቷል። ለሁሉም እኩል አይሆንም። ጥናቱም ገና ነው። ቃል አልገባልዎትም።»

ይህ «ቃል አልገባልዎትም» ያለችው ነገር ከዲንሳ ቃል ይልቅ ልባቸውን ደገፈው። ሐኪሟም አሳየቻቸው። ጠዋትና ማታ እጅ ሳይጠቀሙ ከመቀመጫ መነሣት፤ ካልተቻለ ከፍ ካለ ነገር ላይ መጀመር፤ ሲለመድ ሸክም መያዝ፤ በመካከሉ ማረፍ፤ ደረት ካመመ ማቆምና ወደ እሷ መምጣት።

ሐኪሟ እንደ ወጣች ለታ በር ዘጋ።

«አባ፣ ሰባ ሁለትም ቢሆን ሽማግሌ ነዎት። ሰዉ፣ ጧሪ አጥቶ ሊያርስ ወጣ ይላል።»

«ጧሪ ማለት አስቀማጭ ነው?»

«ማክበር ነው!»

«እንግዲያ አክብረኝና ከመንገዴ ውጣልኝ» አሉ። ከወንበሩ ግን አልተነሡም፤ መነሣት አልቻሉምና። ይህን ሁለቱም ስላወቁ ጠቡ እዚያው ቀረ።

ለታ ወደ ሰዒድ ሱቅ እንዲሄዱ ብቻ ፈቀደ፤ እዚያም ቢሆን መቀመጥ ነው ብሎ። የሰዒድ ሱቅ ውስጥ የጨው ጆንያ ተደራርቦ ይቀመጣል። ኦቦ ሮበሌ ከክምሩ ላይ ወገባቸውን አሳርፈው፣ እጃቸውን አጣምረው ተነሡ። ከፍታው ስለረዳቸው ቀለላቸው። ደግመው ተነሡ።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ?» አለ ሰዒድ።

ነገሩት። የዕድሜውንም ነገር አልደበቁትም። ሰዒድ ሚዛኑን ትቶ ወጣ።

«አርባ ዓመት ቀነሰ? ታዲያ እኔ በየጠዋቱ የሳምኩት የማንን ጉልበት ነው?»

«ከፈለግህ ምርቃቱን መልስና እኔም የሳምከውን ልመልስልህ።»

«ተዉት፤ ምርቃቱ ሠርቶልኛል። ጨዉን ግን እንዳያሟሙብኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራቸው ያ ሆነ። ጨው በተሸጠ ቁጥር ክምሩ ይወርዳል፤ ክምሩ በወረደ ቁጥር መነሣቱ ይከብዳል። ሰዒድም አንድ ጆንያ ሸጦ ሲጨርስ፣ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ መሬቱ ቀርቦዎታል!» ብሎ ይጣራል። ወደ ላይ ሲነሡ ጉልበታቸው እንደ አዲስ ጥጃ ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ ቀን ደህና ሠርተው በማግሥቱ ምንም አይሆንላቸውም፤ ያን ቀን ሱቁ ይጠብባቸዋል፤ ገበያተኛ ይሳደባሉ፤ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ መታጠፊያ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ፤ ተመልሰውም አይቀመጡም። በኋላ የሚዛኑን ብረቶች በሁለት እጃቸው ይዘው ይነሡ ጀመር። ደምበኛ መጥቶ «ሚዛኑ የታለ?» ሲል ሰዒድ፣ «ሽማግሌው ራሳቸውን እየመዘኑ ነው፤ ትንሽ ጠብቅ» ይላል።

ገዲሴ ይህን ሁሉ በመስኮት አይታለች። ለባሏ አልተናገረችም። ብቻ ውሃው እጃቸው ድረስ መምጣት አቆመ።

«ገዲሴ፣ ውሃ!»

«እንስራው ጥግ ነው አባባ፤ እጄ ሊጥ ነው።»

ሊጥ በሌለበት ቀንም እጇ ሊጥ ነበር።

ግንቦት ሲገባና ዝናቡ አፈሩን ሲያረጥበው ኦቦ ሮበሌ ከዘራቸውን ይዘው ወደ አረጋሽ ቤት ወረዱ። ባለ አንድ በሬ ከባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ በየተራ ያርሳል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው።

«አረጋሽ፣ በሬሽን ከቦራ ጋር እናቀናጀው።»

«ከመቶ አሥራ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ጋር? በሬዬ ቀብሮዎት እንዲመጣ?»

«ሰባ ሁለት ነኝ።»

አረጋሽ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ሰባ ሁለት! እንግዲያ ገና ሚስት ሊያገቡ ነው የመጡት በሉኛ።»

«መጀመሪያ እርሻው ይቅደም።»

«ለእኔ የሚያርስልኝ ወንድሜ ነው። ለእርስዎስ ማን ሊያርስ ነው?»

«እኔው።»

አረጋሽ አልሣቀችም። «እንግዲህ ያ መሬት ለወል እርሻው ከሄደ እኔም ጎረቤቴ ትራክተር ሊሆን ነው» አለች። «ነገ ቀንበሩን ይዘው ይምጡ።»

የመጀመሪያው ቀን መጥፎ ቀን ሆነ። ኦቦ ሮበሌ ከዘራቸውን ዛፍ ላይ ሰቀሉ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ዕርፉን ጨበጡ። እጃቸው የሚሠራውን ያውቃል፤ ቦራም ድምፃቸውን አልረሳም። ነገር ግን በሬዎቹ ሲታጠፉ እግራቸው አልታጠፈም። ማረሻው ዘለለ፤ እሳቸውም በፊታቸው ተደፉ። አጠገብ ባለው የወል እርሻ የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ቆመው ያዩ ነበር። ማንም አልሣቀም፤ ያም ከሣቅ የባሰ ነበር።

ለታ ተጠርቶ መጣ። አዘላቸውና ዳገቱን ተያያዘው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። ለታ የፈራው ነገር ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ደረሰበት።

«ሐኪሟ አሁን ብታየኝ» አሉ ኦቦ ሮበሌ ከጀርባው ላይ፣ «የአምስት ዓመት ልጅ ነህ ብላ ትጽፈኝ ነበር።»

ለታ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ሣቁ ቀደመው። ሲሥቅ ሊወድቁ ስለሆነ ቆመ።

ያን ዕለት ማታ ለታ ጭቃውን ከአባቱ እግር አጠበ። ባታቸውን ሲይዝ እጁ ቆመ። በገና ሰሞን የያዘው ባት ባዶ ስልቻ የመሰለ ነበር፤ ይህኛው ጠንክሯል። ወደ ሚስቱ ዞር አለ። ገዲሴ ወጥ ታማስል ነበር፤ ቀና አላለችም።

በማግሥቱ ለታ ቀዩን ወንበር ተሸክሞ ቀበሌ ገባ። ለምን እንደ መለሰው ሲጠየቅ፣ «አባቴ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወንበር አያስፈልጋቸውም» አለ። ሁለት ዓመት የኮራበትን ነገር በሰው ፊት እንዲህ አፍርሶ ወደ ሥራው ሄደ። ኦቦ ሮበሌ ከመኝታቸው ሲነሡ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኙት። የሚቀመጡበት አጥተው ቆሙ። ቆመው ቁርሳቸውን በሉ።

ጉልበታቸው እስኪሽር ጥቂት ቀን ጠበቁ፤ ከዚያ ተመልሰው ወረዱ። በመጀመሪያ ጥቂት ትልም ብቻ አርሰው ይፈቱ ነበር። የአረጋሽ ተራ ሲሆን ዳር ቆመው የወንድሟን አስተራረስ ይነቅፋሉ፤ ወንድሟም «ይምጡና ይያዙት እንግዲህ!» ሲላቸው ሁለተኛ ሳይጠየቁ ዕርፉን ይይዛሉ። ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ መሬቱ ታርሶ አለቀ።

የማኅበሩ ስብሰባ ከሚካኤል ማግሥት፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሆነ። የኦቦ ሮበሌ መሬት ተራ ሲደርስ ዲንሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሬቱ ታርሷል፤ አይቻለሁ» አለ። «ሲወድቁም ሰዎቻችን አይተዋል። ልጃቸው አርሶላቸው ይሆናል፤ ለአባት ማረስ ነውር የለውም። ውሳኔው ግን በራሱ ጉልበት ላረሰ ነው የሚለው።»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር!» አለች አረጋሽ ከኋላ ተነሥታ።

«በሬሽ አለበት፤ አንቺ ምስክር አትሆኚም።»

«እንግዲያ በሬውን ጠይቀው!»

ስብሰባው በሣቅ ተናጋ። ኦቦ ሮበሌ ግን አልሣቁም። አግዳሚው ላይ ቦታ ቢለቀቅላቸውም አልተቀመጡም፤ ከግንዱ አጠገብ ቆመው ከአንዱ እግር ወደ አንዱ እግር ይሉ ነበር። ነገሩ ተጣርቶ ይቅረብ ተባለና ስብሰባው ለማግሥቱ ተቀጠረ።

በማግሥቱ መሬቱ በኦቦ ሮበሌ ስም ጸና። ዲንሳም ተነሥቶ እጃቸውን ጨበጠና ጣቶቹን እያሻሸ ተመለሰ። ይህ የሆነው እኔ ባቀረብኩት ቃል ስለሆነ ያየሁትን እዚህ አኖራለሁ። እኔ ራሴ ልጁ ነው ያረሰው ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ስለዚህ ስብሰባው በተቀጠረበት ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳያየኝ ወደ ወንዙ ወረድኩ። የመጨረሻው ዙር እርሻ ከተጀመረ ወዲህ ዝናብ አልጣለም ነበር። ለታ ከፋብሪካው የተሰጠውን ጫማ ሳያደርግ ከቤት እንደማይወጣ፣ የአረጋሽ ወንድም ደግሞ የእግሩ ጣት ሙሉ እንደሆነ አስቀድሜ አይቻለሁ። ከላይኛው ድንበር ጀምሬ እስከ ወንዙ ዳር እያንዳንዱን ትልም ጎንበስ ብዬ ተከተልኩ። ከበሬዎቹ ኮቴ ኋላ ያለው ዱካ የአንድ ሰው ባዶ እግር ነው፤ የቀኙ ትንሿ ጣት የለችውም። የከዘራ ቀዳዳ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።